ቅናሹ አስፋልቱን አያነሣም፦ የዋሽንግተን የዝናብ ውኃ ክፍያና የማኅበረሰቡ የአምልኮ ቤቶች

በዋሽንግተን ዲሲ ለባለ ንብረቶች በየወሩ በሚላከው የውኃ ሂሳብ ላይ ከቧንቧ በተቀዳው ውኃ መጠን የማይሰሉ ሁለት ክፍያዎች ሰፍረው ይገኛሉ። አንደኛው ዲሲ ዋተር ተብሎ የሚጠራው የውኃና ፍሳሽ ድርጅት ወንዞችን ለማጽዳት ለያዘው ፕሮጀክት የሚሰበስበው ነው፤ ሁለተኛው የከተማው የኃይልና የአካባቢ መሥሪያ ቤት የዝናብ ጎርፍን ለመቆጣጠር የሚያውለው ነው። የሁለቱም መነሻ ውኃ የማያሰርግ ገጽ፣ ማለትም የጣሪያ፣ የአስፋልትና የሲሚንቶ ስፋት ነው። 1,000 ካሬ ጫማ እንደ አንድ መለኪያ ይቆጠራል። ለእያንዳንዱ መለኪያ የመጀመሪያው ክፍያ ባለፉት ዓመታት በወር ከ20 ዶላር ብዙም ሳይርቅ ከፍና ዝቅ ሲል ቆይቷል፤ ሁለተኛው 2.67 ዶላር ነው። ለአንድ መካከለኛ መኖሪያ ቤት ይህ ብዙውን ጊዜ የአንድ መለኪያ ዋጋ ብቻ ነው። አንድ ኤከር አስፋልት ላለው የአምልኮ ቤት ግን ከ43 መለኪያ በላይ ይሆናል፤ በወር ወደ 1,000 ዶላር የሚጠጋ ወጪ ማለት ነው።

በስደተኛው ማኅበረሰብ አዋጥቶ የተገዛ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይህን ያህል ገንዘብ በየወሩ ሲጠየቅ ምሬቱ የሚጠበቅ ነው። ዝናብ እንዴት ይቀረጣል የሚለው ጥያቄም በዋሽንግተን ብቻ የተወሰነ አይደለም። በአጎራባቹ የሜሪላንድ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2012 አሥር ታላላቅ የአካባቢ አስተዳደሮች ተመሳሳይ ክፍያ እንዲጥሉ የሚያስገድድ ሕግ በወጣ ጊዜ ተቃዋሚዎቹ «የዝናብ ግብር» የሚል ስም አወጡለት፤ ስሙ ከሕጉ ይልቅ ዘልቆ ተሰማና በ2015 አስገዳጅነቱ ተነሣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) በዋሽንግተን ክፍያው ጸንቶ ቆይቷል፤ መቆየቱም ተገቢ ነው። ያልተገባው ነገር ምሬቱን ለማብረድ የተመረጠው መንገድ ነው። ከተማው አስፋልቱን እንዳለ ትቶ ሂሳቡን መቀነስን መረጠ፤ ከተነሣው ሸክም የተወሰነውም መሬት የሌለው፣ በተከራየው አፓርታማ ውስጥ ውኃ ብቻ የሚጠቀም ሰው ትከሻ ላይ ዐረፈ።

ውኃው የት ይሄዳል?

አንድ ኢንች ዝናብ በ1,000 ካሬ ጫማ ላይ ሲወርድ ከ620 ጋሎን በላይ ይሆናል። ሣርና ዛፍ ባለበት ለስላሳ አፈር ላይ ቢወርድ አብዛኛው ይሰርጋል፤ ቀሪው ቀስ ብሎ ይወርዳል። አስፋልት ላይ ሲሆን በደቂቃዎች ውስጥ ተሰብስቦ ወደ ቱቦ ይገባል። በዋሽንግተን ከከተማው አንድ ሦስተኛ በሚሆነው አሮጌ ክፍል የዝናብ ውኃውና የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ የሚሄዱት በአንድ ቱቦ ነው። ቱቦው ከአቅሙ በላይ ሲሞላ ድብልቁ ሳይጣራ ወደ አናኮስቲያ፣ ወደ ፖቶማክና ወደ ሮክ ክሪክ ይፈስሳል። ቱቦው መልሶ ሲገፋም በምድር ቤቶች ወለል ላይ ይወጣል፤ ብሉሚንግዴልና ለድሮይት ፓርክ የተባሉት ሰፈሮች በ2012 የሐምሌ ዝናብ ይህን ደጋግመው አይተዋል። በምድር ቤት ውስጥ ማን እንደሚከራይ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች መንገር አያሻም።

ድንገተኛው ዝናብ በዋሽንግተን የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ መሆኑ ለኢትዮጵያ ተወላጅ የተለመደ የወራት ስሌት ነው። በአሜሪካ በጋ የሚባለው በአገር ቤት ክረምት በሚባልበት ጊዜ ይዘንባል። በኦገስት 2023 በሮድ አይላንድ ጎዳና የደረሰው ድንገተኛ ጎርፍ በአንድ የውሻ ማቆያ ውስጥ የነበሩ አሥር ውሾችን ሲገድል፣ ያንን ሰፈር ከጎርፍ ይጠብቃል የተባለው የመሬት ውስጥ ዋሻ ሥራ ሊጀምር የቀረው አንድ ወር ገደማ ነበር።

ዋሻዎቹ እውነተኛ ሥራ ሠርተዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ዲሲ ዋተር ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር በ2005 በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት የገባው ግዴታ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወጪ የሚጠይቅ ነው። የአናኮስቲያው ክፍል 13 ማይል ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ ዋሻዎቹ በአብዛኛው 23 ጫማ የጎን ስፋት አላቸው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በ2018፣ የመጨረሻው በ2023 ተከፍተዋል፤ ወደ አናኮስቲያ ይገባ የነበረውን ድብልቅ ፍሳሽ በ98 በመቶ እንዲቀንሱ የታቀዱ ናቸው። የፖቶማኩ ዋሻ ገና ይቀረዋል።

ይሁንና ዋሻዎቹ የሚያገለግሉት ከላይ የተጠቀሰውን አንድ ሦስተኛ ነው። በቀረው የከተማው ክፍልና በአካባቢው የሜሪላንድና የቨርጂንያ ከተሞች የዝናብ ውኃ የራሱ ቱቦ አለው፤ ቱቦውም በአብዛኛው ወደ ማጣሪያ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ቅርቡ ጅረት ያወጣዋል። ከአስፋልት የታጠበው ዘይትና ቆሻሻ አብሮ ይሄዳል። ከዚያ የሚብሰው ግን የውኃው ኃይል ነው። ጅረቱ ለዘመናት የለመደው በዝግታ የሚደርስ ውኃ ነበር፤ አሁን የሚመጣበት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የተሰበሰበ ጎርፍ ነው። ስለዚህ ወለሉን እየቆፈረ ይወርዳል፣ ዳርና ዳሩን ይንዳል፣ የዛፍ ሥር እያራቆተ ይጥላል። በሲልቨር ስፕሪንግና በታኮማ ፓርክ መካከል በሚያልፈው በስላይጎ ክሪክ ዳር የሚመላለስ ሰው ቁልቁል የተቆረጠ ገደልና የተንጠለጠለ ሥር ቢያይ፣ የሚያየው በወሎና በጎንደር ተዳፋት ቦረቦር ተብሎ የሚጠራውን ነገር ነው። በአገር ቤት ቦረቦሩን የሚያመጣው የተራቆተ ተራራ ነው፤ እዚህ የሚያመጣው የተነጠፈ ሜዳ ነው። ሁለቱም ውኃ አይዙም።

የተናደው አፈር ደግሞ አንድ ቦታ ይከማቻል። በልዑል ጆርጅ ካውንቲ የምትገኘው ብላደንስበርግ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ትንባሆ የሚጭኑ የባሕር መርከቦች የሚገቡባት ወደብ ነበረች፤ ከእርሻ የታጠበው አፈር አናኮስቲያን ደለል በደለል አድርጎት ወደቡ ተዘጋ። የዛሬዋን ብላደንስበርግ የሚያውቅ ሰው ወደብ ነበረች ቢሉት ለማመን ይቸገራል። ከአዲስ አበባ ፍሳሽና አፈር የሚቀበለው፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብም በደለል ተሞልቶ ለአሥርት ዓመታት ኃይል ማመንጨት አቁሞ እንደነበር የሚያስታውሱ ጥቂት አይደሉም። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2010 ለቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በወሰነው የብክለት ጣሪያ ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ጎን ደለልን ሦስተኛ ጠላት አድርጎ የጠቀሰው፣ የሚገባውንም መጠን በ20 በመቶ ለመቀነስ ያቀደው በዚሁ ምክንያት ነው። ለዕቅዱ የተቆረጠው 2025 ግቡ ሙሉ በሙሉ ሳይሳካ ደርሷል።

ሂሳቡ ከማን ወደ ማን ተዛወረ?

ከ2009 በፊት ይህ ሁሉ ወጪ የሚሰበሰበው በተጠቀሙት ውኃ መጠን ነበር። ውጤቱም እንዲህ ነበር፦ አምስት ሆነው በአንድ አፓርታማ የሚኖሩ ቤተሰቦች ልብስ ባጠቡ ቁጥር ለወንዙ ማጽጃ ይከፍሉ ነበር፤ አንድም ቧንቧ የሌለው፣ ብሎኩን ሙሉ የሸፈነ የመኪና ማቆሚያ ግን ምንም አይከፍልም ነበር። በገጽ ስፋት ላይ የተመሠረተው ክፍያ የተተከለው ይህን መዛባት ለማረም ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ራሱ ለሕንፃዎቹ አልከፍልም ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ በ2011 መጀመሪያ የወጣ ሕግ እርሱም እንደማንኛውም ባለ ንብረት እንዲከፍል አደረገ። ከሥርዓቱ መልካም ገጽታዎች አንዱ ይህ ነው፤ ኃያሉም ደካማውም በአስፋልቱ ልክ ይጠየቃል።

ክፍያው እየጨመረ ሲሄድ ግን የመቃብር ቦታዎችና አብያተ ክርስቲያናት ጮኹ። ጩኸታቸው መሠረት ነበረው፤ ገቢያቸው ከመሬታቸው ስፋት ጋር አይመጣጠንምና። ከተማው በ2019 የበጀት ዓመት ለበጎ አድራጎት ተቋማት የእፎይታ ፕሮግራም አቆመ፤ ብቁ ሆነው የተገኙ ተቋማት ከዲሲ ዋተሩ ክፍያ እስከ 90 በመቶ ሊቀነስላቸው ይችላል። ዲሲ ዋተር ደግሞ ከ2020 ጀምሮ የወንዝ ማጽጃውን ወጪ ከፊል በደረጃ ወደ ፍሳሽ ክፍያው መለሰው፤ መጀመሪያ 18 በመቶ፣ ከዚያ 28፣ በ2022 ደግሞ 37 በመቶ። የፍሳሽ ክፍያው የሚሰላው በተጠቀሙት ውኃ ነው። ድርጅቱ ያቀረበው ምክንያት ከየቤቱ የሚወጣው ፍሳሽም ቱቦውን በመሙላት ድርሻ አለው የሚል ነው። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ቢሆንም ደመና በሌለበት ቀን ያ ቱቦ ፍሳሹን ችሎ ወደ ማጣሪያው ያደርሳል፤ የሚያጥለቀልቀው ዝናቡ ነው።

እዚህ ላይ የማኅበረሰቡ ተሟጋቾች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ የኢትዮጵያ ተወላጆች ከፊሎቹ የቤትና የንግድ ባለቤቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ግን ተከራዮች ናቸው። የሰበካ ጉባኤው የአስፋልት ሂሳብ ሲቀል የምእመኑ የአፓርታማ የውኃ ሂሳብ የሚከብድበት አሠራር ለማኅበረሰቡ የተገኘ ድል ተብሎ ሊቆጠር አይችልም። በእሑድ ሙዳየ ምጽዋት የሚጥለውና በወሩ መጨረሻ ኪራይ የሚከፍለው አንድ ሰው ነው። ለዝቅተኛ ገቢ ደንበኞች የተዘጋጀ የተለየ ቅናሽ መኖሩ እውነት ነው፤ ሂሳቡ በስሙ የማይመጣለት ተከራይ ግን ወደዚያ ለመድረስ በባለ ሕንፃው በኩል ማለፍ አለበት።

እፎይታው ሌላም ጉድለት አለው። 90 በመቶ የተቀነሰለት ተቋም አስፋልቱን ለማንሣት የቀረው ምክንያት እጅግ ትንሽ ነው። በሚቀጥለው ሐምሌ ያው ውኃ ከያው ሜዳ ተነሥቶ ያንኑ ጅረት ይሸረሽራል። እፎይታው የሚገኘው በማመልከቻ ሲሆን፣ ገንዘቡም በከተማው ዓመታዊ በጀት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ በጀት ሲጠብ ከሚነኩት የመጀመሪያዎቹ መካከል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ያን ዕለት ተቋሙ ሙሉውን ክፍያና ሙሉውን አስፋልት ይዞ ይቀራል።

በቅርብ ያለው ሌላ መንገድ

የተሻለው አማራጭ ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም። በሰሜን ምሥራቅ ዋሽንግተን የሚገኘው የማውንት ኦሊቬት መቃብር የካቶሊክ ሀገረ ስብከቱ ንብረት ነው፤ በውስጡ ባሉት መንገዶች ምክንያት ከባድ ክፍያ ይመጣበት ነበር። ሀገረ ስብከቱ ኔቸር ኮንሰርቫንሲ ከተባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ጋር ተስማምቶ ከንጣፉ ከፊሉ ተነሣ፤ በቦታውም የዝናብ ውኃ ሰብስበው የሚያሰርጉ የአትክልት መደቦች ተተከሉ። ወጪው ከምእመናን ኪስ አልወጣም። ገንዘቡን ያፈሰሱት የግል ባለሀብቶች ሲሆኑ፣ የሚመለስላቸውም ከተማው ባቋቋመው የዝናብ ውኃ ክሬዲት ገበያ አማካይነት ነው።

ገበያው እንዲህ ይሠራል። በ2013 በወጣው ደንብ መሠረት 5,000 ካሬ ጫማና ከዚያ በላይ መሬት የሚቆፍር ግንባታ የመጀመሪያውን 1.2 ኢንች ዝናብ በቦታው ማስቀረት አለበት። ሙሉውን በራሱ ቦታ ማስቀረት የማይችል አልሚ ከግዴታው ከፊሉን ሌላው ሰው በሌላ ቦታ በፈቃዱ ካስቀረው ውኃ መግዛት ይችላል። አንድ ክሬዲት አንድ ጋሎን ውኃ ለአንድ ዓመት የማስቀረት ዋጋ ነው። ከተማው ራሱም በተወሰነ ዋጋ ለመግዛት ዋስትና የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው። በመሀል ከተማ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ የሚያቆም ባለሀብት፣ በሰሜን ምሥራቅ ያለ ቤተ ክርስቲያን አስፋልቱን እንዲያነሣ ይከፍላል ማለት ነው። ለዓመታት ከተነደፉት የአካባቢ ፖሊሲዎች መካከል ይህን ያህል ገንዘብን ከሀብታሙ ሰፈር ወደ ድኻው ሰፈር ለማዞር የሚችል ብዙ አይገኝም። የሚያሳዝነው ግን አሠራሩን የሚያውቁት አልሚዎችና መሐንዲሶቻቸው መሆናቸው ነው።

የልዑል ጆርጅ ካውንቲ ደግሞ ከዚህ የቀለለ መንገድ መርጧል። ከግብር ነፃ የሆኑ የሃይማኖት ተቋማት ካውንቲው በግቢያቸው ውኃ የሚያሰርግ ሥራ እንዲሠራ ከፈቀዱ፣ ምእመናናቸውን ስለ ጉዳዩ ካስተማሩ፣ ግቢያቸውንም በተገቢው መንገድ ከያዙ ክፍያው ይቀነስላቸዋል። ቅናሹ በሥራ ይገኛል። መሬቱን የሚሰጠው ተቋሙ፣ ቁፋሮውን የሚሸከመው ካውንቲው ነው። የዋሽንግተን ምክር ቤት ከወንዙ ማዶ ያለውን ይህን አሠራር እስካሁን ወደ ራሱ የእፎይታ ፕሮግራም አለማምጣቱ ለምን እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባዋል።

በማኅበረሰቡ የአምልኮ ቤቶች ዘንድ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ የመኪና ማቆሚያ ነው፤ ጥያቄውም ቀላል አይደለም። ለጥምቀትና ለትንሣኤ የሚመጣው ሕዝብ ከሜሪላንድም ከቨርጂንያም ነው። ሆኖም ብዙ ግቢ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚሞላ ጥግ አለው፤ ያ ጥግ መኪና በሚሸከም ግን ውኃ በሚያሰርግ ንጣፍ ሊተካ ይችላል። መኪና የማይቆምበት የአጥር ሥር፣ የጣሪያ ውኃ የሚወርድበት ማእዘን፣ መኪኖች የሚዞሩበት ደሴት ለአትክልት መደብ ይበቃል። ምእመኑ ከአገር ቤት የሚያስታውሰው ቤተ ክርስቲያን በጽድና በወይራ የተከበበ ነው፤ በብዙ ወረዳዎች ከቀደመው ደን የቀረው በቅጥር ግቢ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። በአሜሪካ ግን የተገዛው ሕንፃ አብዛኛውን ጊዜ ከነአስፋልቱ የመጣ ነው፤ ማንም አስቦበት የመረጠው ግቢ አይደለም።

እውነቱን ለመናገር የአትክልት መደቡ ተተክሎ የሚተው ነገር አይደለም። ደለሉ ካልተጠረገ፣ አረሙ ካልተነቀለ፣ የውኃ መግቢያው ከቅጠል ካልጸዳ በጥቂት ዓመት ውስጥ ደንቆ ውኃ ያቁራል፤ ትንኝም ያራባል። ውኃ የሚያሰርገው ንጣፍም ቀዳዳው እንዳይደፈን በየጊዜው ይጠረጋል። ብዙ ፕሮጀክቶች የሚከሽፉት በዚህ ነው፤ ለመትከያ የሚሰጥ ገንዘብ እንጂ ለመንከባከቢያ የሚሰጥ ገንዘብ ስለማይኖር። በማኅበረሰቡ ውስጥ እርከን የሠሩ፣ ክትር ያሰሩ፣ በግብርና መሥሪያ ቤት የአፈር ጥበቃ ባለሙያ የነበሩና ዛሬ ታክሲ የሚነዱ ሰዎች አሉ። ይህን ዕውቀት በደመወዝ የሚጠቀምበት የጥገና ፕሮግራም ለከተማውም ለነርሱም ይበጃል።

ቋንቋም እንቅፋት ነው። በዋሽንግተን የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ይህ በትግል የተገኘ መብት ነው። ነገር ግን የዝናብ ውኃ ክሬዲት አሠራር በአንድ ገጽ ትርጉም አይገባም፤ የሰበካ ጉባኤ አባላት ፊት ቆሞ ግቢውን እየለካ የሚያስረዳ ሰው ይሻል። በ2010 በየመደብሩ የተጀመረው የ5 ሳንቲም የፌስታል ክፍያ ለአናኮስቲያ ጽዳት እንደሚውል የኢትዮጵያ ተወላጅ ባለ ሱቆች ለደንበኞቻቸው በየቀኑ ሲያስረዱ ኖረዋል፤ ነገሩ ግልጽ ስለነበር ገባቸው፣ አስረዱም።

ስለዚህ በምክር ቤቱ አባላት ቢሮ የሚሠሩ ባለሙያዎች የእፎይታውን ፕሮግራም በጀት ሲመረምሩ ሊያስቡበት የሚገባው ማሻሻያ ይህ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ቅናሽ ያለ ቅድመ ሁኔታ ይሰጥ፤ በዚያው ዓመት ከተማው በራሱ ወጪ የግቢውን ጥናት አድርጎ ምን ያህል አስፋልት ሊነሣ፣ ምን ያህል ውኃ ሊሰርግ እንደሚችል በጽሑፍ ለተቋሙ ያስረክብ፣ በሚያስፈልገውም ቋንቋ ያስረዳ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ቅናሹ የሚቀጥለው ተቋሙ ሥራውን ከጀመረ ወይም መሬቱን ለሥራው ከፈቀደ ይሁን። ግቢው ጠባብ ሆኖ ምንም ሊሠራበት የማይችል ከሆነ ቅናሹ እንዳለ ይቆይለት። ከክሬዲት ሽያጭ የሚገኘው ገቢ ከፊሉ ለጥገና ተለይቶ ይቀመጥ። ወደ ፍሳሽ ክፍያው የተዛወረው 37 በመቶም እየቀነሰ እንዲመለስ ዲሲ ዋተር የጊዜ ሰሌዳ እንዲያቀርብ ይጠየቅ፤ ድርጅቱ የራሱ ቦርድ ቢኖረውም የምክር ቤቱ የክትትል መድረክ ይህን ጥያቄ ለማንሣት በቂ ነው።

ለተሟጋቾቹ የሚቀረው ሥራ ከዚህ የቀለለ ነው፤ ጊዜው ግን አጭር ነው። የመሥሪያ ቤቶች አፈጻጸም የሚገመገምባቸው ስብሰባዎች በየዓመቱ በክረምቱ ማብቂያ ይካሄዳሉ፤ የበጀት ስብሰባዎቹም ወዲያው ይከተላሉ። ከነጻ ማድረግ አቤቱታ ይልቅ የአንድ ግቢ የሂሳብ ወረቀት፣ የልኬት ካርታና የሚነሣው አስፋልት ንድፍ ይዞ መቅረብ የሠራተኞቹን ጆሮ ያገኛል። የልኬቱን ካርታ በቅድሚያ ማየት ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው። ከተማው ስፋቱን የሚያሰላው ከአየር ላይ ከተነሣ ምስል ነው፤ ባለ ንብረቱ ልኬቱ ተሳስቷል ብሎ እንዲታረም መጠየቅ ይችላል።